የግንዱ ቀበቶና ሆዷን የነፋችው አህያ

አንድ ጊዜ፣ አውሬ ሁሉ ጎረቤቱን በጎን እያየ በሚኖርበት ቆላ ውስጥ፣ እመት ጦጢት የምትባል ባለሙያ ጦጣ ማንም አስቦት የማያውቅ ነገር ሠራች። ከተራራው አናት እስከ ግርጌው ድረስ ረጃጅም አጣናዎችን ጎን ለጎን ዘረጋች፤ በሰም አለሰለሰቻቸው፤ በላያቸውም ውስጡ የተቦረቦረ ትልቅ ግንድ አስቀመጠች። ግንዱ ፊትና ኋላ ሁለት መቀመጫ አለው። የተሳፈረበት ሁሉ ቁልቁል ይምዘገዘጋል፤ ጉብታው ላይ ይዘላል፤ በገደሉ አፋፍ ጥምዝዝ ብሎ ይታጠፋል፤ በመጨረሻም ሣር የበቀለበት መስክ ላይ ደርሶ ይቆማል።

ግንዱን የጠላ አልነበረም። ጠቡ የተነሣው በቀበቶው ነው። እመት ጦጢት በየመቀመጫው ሰፊ የጠፍር ቀበቶ አበጅታ፣ «ሳይታሰር የሚሳፈር የለም» አለች። ተሳፋሪውን ሆዱ ላይ ታስረዋለች፤ ጠፍሩን በሁለት እጇ ስባ ትፈትሻለች፤ ግንዱን የምትገፋው ከዚያ በኋላ ነው። ከታሰሩት መካከል አንድም የወደቀ የለም። ታዲያ አውሬው ሁሉ «እሰየው» ያለ ይመስላችሁ ይሆናል። የዚያን ቆላ አውሬ አታውቁትማ! ደግ ነገር ሲደረግለት መጀመሪያ የሚጠይቀው «ምን ፈልጋ ነው?» ብሎ ነው።

«ንጉሥ ታስሮ አያውቅም» አለ አያ አንበሶ፣ ግንዱ አጠገብም ሳይደርስ ቀረ። እውነቱን ለመናገር ከፍታ ይፈራል፤ ግን ማን ደፍሮ ይነግረዋል?

«እኔን የሚገርመኝ» አለ ከርከሮ፣ «ግንዱ ደህና ከሆነ ለምን ያስሩናል? ደህና ካልሆነስ ለምን ያሳፍሩናል?» ይህን ካለ በኋላ ትልቅ ነገር የተናገረ መስሎት ሲንጎራደድ ዋለ።

ዔሊ ብቻ፣ «እኔ ታስሬ ወርጃለሁ፤ ምንም የለበትም» አለች። ቀስ ብላ ስለምትናገር ግን ቃሏን ሳትጨርስ ሰሚዎቿ ተበትነው ነበር።

ከሁሉም በላይ የተጨነቀችው አህይት ናት። ከአንድ እህል ነጋዴ ቤት ጠፍታ የመጣች ስትሆን፣ መጫኛ የፈተገው ሆዷ ላይ ዛሬም ፀጉር አልበቀለም። ዕድሜዋን ሙሉ ስትሸከም ኖራ አሁን እሷን የሚሸከም ነገር ተገኘ! በየጠዋቱ እየመጣች ግንዱ ሲወርድ አንገቷን አስግጋ ታያለች። አንድ ቀን፣ አንድ ቀን ብቻ፣ ቁልቁለቱን ያለ ጭነት መውረድ አማራት፤ ምኞቷ እንቅልፍ ነሣት። ግን ቀበቶው! ሆዷ ላይ ጠፍር ታስሮ ጀርባዋ ላይ ጭነት ሳይወጣ የቀረበትን ቀን አታስታውስም። «ጦጢት ዛሬ በጨዋታ ታስረኛለች፣ ነገ ኩንታል ትጭንብኛለች» እያለች ትጠረጥራለች። ወደ ግንዱ ትቀርባለች፣ ጠፍሩን ታሸታለች፣ ትመለሳለች።

ይህን መመላለሷን አያ ጅቦና አጅሬ ቀበሮ ቁጥቋጦ ሥር ተጋድመው ያዩ ነበር።

«አጅሬ» አለ ጅቦ ምራቁን እየዋጠ፣ «ይቺ አህያ እንዴት ወፈር ብላለች! ዘልዬ ልያዛት?»

«ከዚህ ሁሉ አውሬ ፊት? አንተ ቂል!» አለ ቀበሮ። «ግንዱ የገደሉ መታጠፊያ ጋ ሲደርስ ወደ ጎን ይጋደማል። ያልታሰረ እዚያ ላይ ቀጥ ብሎ ገደል ይገባል። አንተ ከሥር ሆነህ አፍህን ከፍተህ ጠብቅ፤ ሌላውን ለእኔ ተወው። ጉበቷ ግን የእኔ ነው።»

«ጦጣዋ እኮ ሳታስር አትለቅም።»

«ታስራታለች» አለ ቀበሮ እየሳቀ፣ «ትሰርልን።»

ከሰዓት በኋላ ቀበሮ አህይትን ወንዝ ዳር አገኛት። ግራ ቀኙን ገልመጥ ገልመጥ አለና ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«እመት አህዮ፣ ስለምወድሽ ነው የምነግርሽ። ያን ቀበቶ ልብ ብለሽ አይተሽዋል?»

«ምነው? ምን ሰማህ?» አለች አህይት ጆሮዎቿን አቁማ።

«እኔ ምን አውቄ። ጦጣ ግን በከንቱ አትደክምም። ጠፍር ሆድ ላይ ለምን እንደሚታሰር መቼም ለአንቺ አይነገርሽም።»

የአህይት ቆዳ ተሸማቀቀ። «እኔም ጠርጥሬ ነበር! ግን ሳልታሰር አታሳፍረኝም።»

«ነጋዴው መጫኛ ሲያጠብቅብሽ ምን ታደርጊ ነበር?»

አህይት ዙሪያዋን አየችና አፈር አለች። ነገሩ አህያ ሁሉ የሚያውቀው፣ ለሌላ የማይነገር ዘዴ ነው። «ሆዴን እነፋ ነበር። ሲያስር እነፋለሁ፤ አስሮ ሲጨርስ እተነፍሳለሁ፤ መጫኛው ይላላል።»

«በቃ! ምን ቀረሽ?» አለ ቀበሮ።

አህይት ጨርሳ ሞኝ አይደለችም። ቀበሮን ከእግር እስከ ራሱ አየችው። «ይህን ያህል ከተጨነቅህልኝ አብረኸኝ ትሳፈራለህ?»

ቀበሮ ይህን አልጠበቀም። ቢሆንም፣ «ለምን አልሳፈርም!» አለ። «እንዲያውም እኔ ቀበቶ የሚሉትን ነገር አልወድም። ጦጢት እንዳትቆጣኝ ለይስሙላ አስሬ እወርዳለሁ።» እሷም አመነችው። መስማት የፈለግነውን የሚነግረንን ማመን እንዴት እንደሚቀል ታውቁታላችሁ።

በማግስቱ ቀበሮ ከፊት፣ አህይት ከኋላ ሆነው ግንዱ ላይ ወጡ። ጦጢት መጀመሪያ ቀበሮን አሰረች። እሱም ጆሮዋ ላይ አንድ ነገር ሹክ አላት፤ ጦጢት ጠፍሩን ደጋግማ ሳበች። አህይት ምን እንዳላት አልሰማችም፤ አየር እየሳበች ሆዷን በመንፋት ላይ ነበረች።

«ወፍረሻልሳ እመት አህዮ» አለች ጦጢት ወደ እሷ ስትመጣ፤ ሆዷንም በጣቷ ነካ አድርጋ ጠረጠረች። «አሞሽ ነው?»

አህይት ራሷን ነቀነቀች። አፏን ከከፈተች አየሩ ያመልጣል።

«እስኪ ተንፍሺ።»

አህይት ያልሰማች መስላ ሰማይ ሰማይ አየች። ተራ የሚጠብቁት ከኋላ፣ «ኧረ ቶሎ በሉ!» እያሉ ጮኹ። ጦጢት ጠፍሩን አንዴ ስባ አየችው፤ ጠብቋል። ግንዱን ገፋችው።

ግንዱ ገና ሲንቀሳቀስ አህይት ተነፈሰች፤ ጠፍሩ ላልቶ ጭኗ ላይ ወደቀ። «አታለልኳት!» አለች በልቧ። ነፋሱ ጆሮዋን ወደ ኋላ አስተኛው። ዛፉም ድንጋዩም ወደ ላይ ይሮጣል፤ ጀርባዋ ላይ ግን አንዲት ነገር የለችም። ከደስታ ብዛት ዕንባዋ መጣ።

ጉብታው ደረሰ። ግንዱ ሲዘል አህይት ከመቀመጫዋ ተነሥታ አየር ላይ ቀረች፤ ተመልሳም በወገቧ ዱብ አለች። በድንጋጤ ቀና ስትል ዓይኗ ቀበሮ ወገብ ላይ ዐረፈ። ጠፍሩ ፀጉሩ ውስጥ ገብቶ ጠፍቷል። ቀበሮ ከመቀመጫው ጋር የተሰፋ ይመስል ንቅንቅ አላለም።

«አያ ቀበሮ! ቀበቶህ እኮ...»

ቀበሮ ዞሮም አላያት።

በዚህ ጊዜ ከገደሉ ሥር ድምፅ ተሰማ። «አጅሬ! አፌን ከፍቼ እየጠበቅሁ ነው! መቼ ነው የምትወድቀው?»

አህይት ያኔ ሁሉም ነገር ገባት። ጦጢትንና ጠፍሩን ስትጠረጥር ሰንብታ፣ ወንዝ ዳር የመጣውን መካሪ ሳትጠረጥር ቀረች። አሁን ለመጮህም ለመቆጨትም ጊዜ የለም። በዕድሜዋ ስባ የማታውቀውን ያህል አየር ሳበች። ሆዷ ተነፋ፤ የላላው ጠፍር ተወጠረ፤ የታሰረበት ካስማ ተንቋቋ። ግንዱ ወደ ገደሉ ተጋደመ። የፊት እግሮቿ አየር ላይ ተንጠለጠሉ፤ ከታች ጥርስ የሞላበት ቀይ አፍ ታያት። ዓይኗ ፈጠጠ፣ ደረቷ ሊፈነዳ ደረሰ፤ አልተነፈሰችም። ግንዱ ተቃና፤ መስኩ ላይ ደርሶ ቆመ። ትንፋሿን የለቀቀችው ያኔ ነው፤ ጩኸቷም ቆላውን ሁሉ አናወጠው።

ጦጢት እየዘለለች ወረደች፤ ተራ ጠባቂዎቹም ተከተሏት። አህይት ጭን ላይ የተጋደመውን ጠፍር ስታይ ክው አለች። «ሆድሽን ነፍተሽ ነው! እኔ ምን በደልኩሽ?»

«ካሰርሽኝ በኋላ ጭነት የምታመጪብኝ መስሎኝ ነው» አለች አህይት።

«የምን ጭነት? እዚህ ላይ ጭነቱ አንቺ አይደለሽ እንዴ!»

አህይት ከዚያ ቀን በፊት ጭነት ተብላ ተጠርታ አታውቅም ነበር።

ቀበሮ ጉሮሮውን ጠረገ። «እኔ እኮ ለእሷው አስቤ፣ ቀበቶ ስለማልወድ...»

«ቀበቶ አትወድም?» አለች ጦጢት ወደ እሱ ዞራ። «አንጀቴ ጀርባዬ ላይ እስኪጣበቅ አጥብቂልኝ ያልኸኝ ማን ነው ታዲያ?»

አውሬው ሁሉ ዓይኑን ቀበሮ ላይ ተከለ። ይህን ጊዜ ከገደሉ በኩል፣ «አጅሬ፣ ኧረ አፌ ደረቀ!» የሚል ድምፅ መጣ። ቀበሮ ጠፍሩን በጥርሱ ፈትቶ ሲፈተለክ ከርከሮ እስከ ጫካው ድረስ አባረረው።

አህይት ግን ወደ ቤቷ አልሄደችም። ተራራውን መልሳ ወጣች፤ መቀመጫዋ ላይ ተደላደለችና፣ ጦጢት ጠፍሩን ከመሳቧ በፊት አየሩን ሁሉ ከሆዷ አስወጣች።

ከዚህ የምንማረው፣ «ቀበቶህን አላላ» የሚለንን መካሪ ቃሉን ከመቀበላችን በፊት የራሱን ቀበቶ ምን ያህል እንዳጠበቀ ማየት እንዳለብን ነው።