ሥራ ጠል የተባለችው ሴት

በአንድ የልብስ ፋብሪካ ደጃፍ ድንች ቀቅላ የምትሸጥ አንዲት ምላሰኛ ሴት ነበረች። ቀድሞ እዚያው ፋብሪካ ሸሚዝ ትሰፋ ነበር፤ ደመወዙ ከቤት ኪራይ አልፎ ለጉሮሮዋ አልደርስ ቢላት ትታው ወጣች። እንደ እሷ ብዙዎች ስለወጡ ፋብሪካው ሰው አጣ።

ባለቤቱ አቶ ስለሺ ደመወዝ መጨመሩን ትተው አንድ ስመ ጥር የቴሌቪዥን ጋዜጠኛ ዳጎስ ያለ ገንዘብ ከፍለው አስመጡ። ጋዜጠኛውም በቀጥታ ስርጭት የአቶ ስለሺን ደግነትና የከተማውን ሰው ሥራ ጠልነት ሲያወራ ቆየና፣ ማስረጃ ትሆነኛለች ብሎ ማይክሮፎኑን ወደ ድንች ሻጯ ዘረጋ።

«አንቺ ሴት፣ ፋብሪካው የሠራተኛ ያለህ እያለ ነው። እዚህ ገብተሽ መሥራት ትፈልጊያለሽ ወይስ አትፈልጊም? በአንድ ቃል መልሺ!»

አልፈልግም ብትል አገር እያየ ሥራ ጠል ልትባል ነው።

«እፈልጋለሁ» አለች።

ከጋዜጠኛው አጠገብ የቆሙት አቶ ስለሺ ደስ ብሏቸው ፈገግ አሉ።

«ታዲያ ምን ከለከለሽ?» አላት ጋዜጠኛው።

«ቦታው ተይዞብኝ ነዋ ጌታዬ! እዚህ ፋብሪካ ሰው ጠግቦ የሚያድርበት ሥራ ባለቤቱን ማወደስ ብቻ ነው፤ እሱን ደግሞ እርስዎ ይዘውታል።»