የይመኙሻል መቆያ

ዓባይ ከጣና ወጥቶ ገና ሳይቆጣ፣ ከውሃው መካከል ብቅ ያለ አንድ ጥቁር ድንጋይ አለ፤ «የይመኙሻል መቆያ» ይሉታል። የምድሩን አፈጣጠርና የጥንቱን ታሪክ እያስተማሩ ተማሪና እንግዳ ጭነው የሚወርዱት ትንንሽ የሞተር ጀልባዎች እዚህ ሲደርሱ ዳር ይዘው ሞተር ያጠፋሉ። አስጎብኚው ድምፅ ማጉያውን ያስቀምጣል፤ ነጂው ይነሣና «ድንጋይ የያዘ ሰው አለ?» ብሎ ይጠይቃል። ለማስታወሻ ብሎ ጠጠር የለቀመ ሁሉ ከኪሱ አውጥቶ ውሃው ውስጥ ይጥላል። ፕሮፌሰርም ቢሆን ይጥላል፤ አልጥልም የሚል ካለ ጀልባው ንቅንቅ አይልም።

ሽማግሌዎች እንደሚሉት ነገሩ የሆነው ድሮ ነው። በማን ዘመን እንደሆነ ሁለት ሰው ተስማምቶ ስለማይነግራችሁ እኔም አልጨቃጨቅም። በዚያን ጊዜ መሪጌታ ልሳነወርቅ የሚባሉ እጅግ የተማሩ ሰው ነበሩ፤ መጽሐፉን ጨርሰው ምድሩን ማንበብ አማራቸውና፣ ተራራው እንዴት እንደቆመ፣ ወንዙ ለምን እንደታጠፈ፣ የፈረሰውን ድልድይ ማን እንዳሠራው በዓይን እያሳዩ ለማስተማር ሦስት ደቀ መዛሙርት አስከትለው በወንዙ ሊወርዱ ተነሡ ይባላል። የሚያወርዳቸውም እንየው የሚባል ታንኳ ሠሪ ሆነ።

እንየው ከደንገል፣ ከሐይቁ ዳር ከሚበቅለው ረጅም ቄጠማ፣ ትልቅ ታንኳ ሠራላቸው። አንድ ልጁ ይመኙሻል፣ ባሏ ሞቶባት ወደ አባቷ ቤት የተመለሰች ሴት፣ ከፊት ተቀምጣ በረጅም ዘንግ የውሃውን ጥልቀት እየለካች መንገድ ትመራ ነበር። ጎረቤት «ከእነዚህ ሊቃውንት ጋር ምን አገናኘህ?» ቢለው እንየው «ተወኝ፣ የተማረ ይግደለኝ!» ብሎ ሳቀ አሉ። ሰው የሚናገረውን ቢያውቅ ግማሹን ባልተናገረ ነበር።

የደንገል ታንኳ አንድ ጠባይ አለው፤ ውሃ ይጠጣል። ስለዚህ ባረፉ ቁጥር ጎትቶ ማውጣት፣ አቁሞም ለፀሐይና ለነፋስ መስጠት የታወቀ ደንብ ነው። በመጀመሪያው ማረፊያ እንየው «እስቲ እጅ ስጡኝ» ቢላቸው ደቀ መዛሙርቱ እርስ በርስ ተያዩ፤ ታንኳ ሠሪ የያዘውን ጭቃ አብሮ መያዝ ድጓ ለሚገልጥ እጅ ነውር መሰላቸው። መሪጌታም «ይቆይ፤ ትምህርቱ ይቅደም» አሉ። አባትና ልጅ ብቻቸውን ቢጎትቱት ስላልቻሉ ታንኳው እውሃው ላይ አደረ፤ በማግስቱም እንዲሁ።

ይህ ሳያንስ መሪጌታ በደረሱበት ሁሉ ድንጋይ ያስለቅሙ ጀመር። ቀዳዳ ቀዳዳ ያለውን ጥቁሩን እያነሡ «ይህ ቀድሞ እሳት ነበረ፤ ለመጪው ዓመት ተማሪ ማስተማሪያ ይሆናል» ይላሉ፤ ይጫናል።

«የኔታ፣ ታንኳው ጠጥቷል፤ ድንጋዩን ብንተወው» አለ እንየው።

«አንተ ደንገል ታውቃለህ፤ ድንጋይ ለእኔ ተውልኝ።»

ደቀ መዛሙርቱ ሳቁ። እንየውም አብሯቸው ሳቀ፤ እኔን የሚያንገበግበኝ ይሄ ሳቁ ነው።

በሦስተኛው ቀን ጥቁሩ ድንጋይ ዘንድ ሲደርሱ ውሃው ከታንኳው ከንፈር ጋር እኩል ሆነ። ከዚያ በታች ወንዙ ስለሚፈጥን አንድ ሸክም መውረድ ነበረበት። እንየው ድንጋዮቹን አየ፤ መሪጌታ ግን ይመኙሻልን አዩ።

«ልጅት እዚህ ወርዳ ትቆይ፤ ተመልሰህ ትወስዳታለህ። ድንጋዩ እውሃ ከገባ ግን ማን ያወጣዋል?»

ይመኙሻል ወደ አባቷ ዞረች። «አባዬ፣ ድንጋይ ተቀምጦ እኔ ልውረድ?»

እንየው «የኔታ የሚያውቁት ይኖራል። ትንሽ ቆዪ ልጄ፣ አሁን መጣሁ» አላት። እሷም ለመመለሻው ያስፈልገው እንደሆነ ዘንጓን ሰጥታው ወረደች ይባላል።

ጉዞው ከሚያበቃበት ከታችኛው ወደብ እንደደረሱ እንየው ሊመለስ ቢቸኩል መሪጌታ «መጀመሪያ አራግፍ» አሉት። ድንጋዩን አንድ በአንድ ተሸክሞ ዳገቱን እየወጣ እቤተ ክርስቲያኑ ግቢ አስቀመጠ። እስኪጨርስ ላይ አገር ዘንቦ ኖሮ ወንዙ ቀልቶ መጣ። የጠጣው ታንኳ ሽቅብ አልሄድ ቢለው ጥሎት በዳር በዳር ሮጠ፤ ሲደርስ እሷ የቆየችበት ድንጋይ በውሃ ተሸፍኗል። ሻሿን አየ የሚሉ አሉ። እኔ ምንም አላየም የሚሉትን አምናለሁ።

መሪጌታ አርባዋን ጸሎት አደረሱላት፤ ያን ቀን ድምፃቸው እጅግ አምሮ ነበር ይባላል። ድንጋዮቹ አንድ ክረምት ካስተማሩ በኋላ የማኅበር ጠላ ጋን መደገፊያ ሆኑ። እንየው ግን ከዚያች ዳር አልተነሣም፤ ጎጆ ቀልሶ፣ ያለፈውን ታንኳ ሁሉ ገመዱን ይዞ «ድንጋይ የያዘ ሰው አለ?» ይል ነበር። እሱ ሲሞት ጥያቄውን ታንከኞቹ ወረሱት፤ ከእነሱም ወደ ሞተር ነጂዎቹ ተሻገረ።

ባለፈው ጥቅምት እኔም ከተማሪዎች ጋር በዚያው ወረድሁ። አስጎብኚያችን ሥነ ምድር ያጠናች ወጣት ነበረች፤ ጠጠሩ ተጥሎ ካበቃ በኋላ አንዲት ተማሪ እጇን አውጥታ ያ ሁሉ የተጫነው ምን ዓይነት ድንጋይ እንደነበር ጠየቀቻት።

«ከሐይቁ አፍ ጀምሮ እስከ ታችኛው ወደብ ያለው በአንድ ጊዜ ቀልጦ የፈሰሰ ድንጋይ ነው» አለች ወጣቷ። «እነሱ የጫኑትም፣ እሷ የቆመችበትም አንድ ነው። ከየትም ቢያነሡ ለውጥ የለውም።»

ሸበቶው ነጂያችን ሞተሩን ሊያስነሣ የዘረጋውን እጁን መለሰ።

«ኧረ ቀስ በይ ልጄ» አላት፤ «እንየው እንዳይሰማ።»