ከድንጋይ የከበደ አበባ

አንድ ሰው ነበረ፤ ስሙ ድንበሩ ይባላል። ሌላ ተናጋሪ ቢሆን «አንድ ባለጸጋ» ብሎ ይሸፍንለት ነበር፤ እኔ አልሸፍንለትም። እሱ የአንዲትን ሴት ስም በአደባባይ ጠርቶ አጥፍቷልና፣ የእሱም ስም ይጠራ።

ልጄ፣ ጥያቄህን አልረሳሁም። ሚስትህን በእንግዳ ፊት አዋርደሃታል፤ አሁን ደግሞ አበባ ሻጩ «ነጭ የንጽሕና ምልክት ነው» ስላለህ፣ የትኛውን ነጭ አበባ ልውሰድላት ብለህ መጥተሃል። ተቀመጥና ስማ።

ድንበሩ ልጁን ሲድር ወጡን እንድትሠራለት ይታይሽን ጠራት። ይታይሽ ባሏ የሞተባት፣ እጇ የተመሰገነ ሴት ነበረች። በዚያ አገር ይታይሽ ያልገባችበት ድግስ ድግስ አይባልም። የምትበላውም የምትከበረውም በዚሁ ሙያዋ ነው።

በሠርጉ ዕለት አንድ ቅል ሙሉ ቅቤ ጠፋ። ጓዳው ተገለባበጠ፤ የለም። ድንበሩ ከዳሱ መሀል ቆመና፣ «ቅቤዬን የወሰደችው ከድስቱ አጠገብ የዋለችው ናት! ይታይሽ ሌባ ናት!» አለ። ሴትዮዋ ማማሰያዋን አስቀመጠች፣ መቀነቷን ፈትታ በሰው ፊት አራገፈች፣ ፊቷን ሳትሸፍን በእንግዳው መሀል አልፋ ወጣች።

ወሬ እግር አያጣም። በሳምንቱ ገበያው ሁሉ ሰማ። ከዚያ ወዲያ ይታይሽን የሚጠራት ጠፋ። የሰው ድግስ ጭሱን ከሩቅ እያየች፣ ከበሮውን እየሰማች ቤቷ ትውል ጀመር።

ክረምቱ ሲወጣ የድንበሩ ጎታ ባዶ ሆነና ሊጠግኑት ቢያነሡት፣ ቅቤው ከጎታው ጀርባ ተገኘ። ሚስቱ ከሰው ዓይን ብላ ሸሽጋው፣ በሠርጉ ግርግር ረስታው ኖሯል። ድንበሩ አፈረ። ክፉ ሰው አልነበረም፣ ኩሩ ነበር እንጂ። ኩራት ደግሞ በሰው ፊት መሳደብ ይወዳል፤ በሰው ፊት መታረቅ ግን ሞቱ ነው። ስለዚህ ለዓይን ያዝ ሲያደርግ ጠብቆ አንድ ሙክት በጓሮ በኩል ላከላት።

ይታይሽ ገመዱን እንኳ ሳትፈታ መለሰችው። «ስድቡን በቀን፣ ካሣውን በጨለማ? በሉ ውሰዱት፣ ይህ ሙክት መንገድ ጠፍቶት ነው» አለች።

ድንበሩ ሽማግሌዎች ላከባት። እነሱም፣ «እታለም፣ ሰውዬው ተጸጽቷል። እንደ አገራችን ወግ ድንጋይ ተሸክሞ ይምጣና ከእግርሽ ይውደቅ» አሏት።

«ድንጋዩን ከየት ነው የሚሸከመው?»

«ያው ከደጅሽ ነዋ።»

«ከደጄ አንሥቶ ከደጄ ሊያወርደው? ድንጋዬን አገላብጦልኝ ሊሄድ! ይህንንማ ዶሮዬም ታደርገዋለች።»

ሽማግሌዎቹ ሳቃቸውን በጋቢያቸው አፈኑት። «ታዲያ ምን ይስጥሽ? ጥጃ ነው? ጥበብ ነው?»

«አበባ።»

«ምን አልሽ?»

«አበባ አልኩ፤ ጆሯችሁም አረጀ እንዴ? ከወንዙ ማዶ ያለው ቀጋ አብቧል። ነጭ አበባ ያለበትን አንድ ቅርንጫፍ በገዛ እጁ ቆርጦ፣ ቅዳሜ ገበያው ሲሞቅ ያምጣልኝ። ሠራተኛውን እንዳይልክ። ሠራተኛው አልበደለኝም፤ እሱ ከመጣ ይቅር የምለው ለእሱ ነው፣ ጌታው ከነበደሉ ይቀራል።»

ድንበሩ ይህን ሲሰማ በደስታ ጭኑን መታ። «ሙክት መልሳ አበባ! ሴትዮዋ ጃጅታለች» አለ።

ቅዳሜ ረፋዱ ላይ ወንዙን ተሻገረ። ቀጋ እሾሁ እንደ ድመት ጥፍር ነው፤ እጁንም ጋቢውንም ሳብ ሳብ እያደረገ ያዘው። እንደምንም ብሎ አንድ ያማረ ቅርንጫፍ ቆረጠ። ቀና ቢል ገበያው ከፊቱ ነው። ወደ ይታይሽ ቤት የሚወስደው መንገድ ደግሞ በገበያው መሀል ያልፋል። በዚያ አገር ጎልማሳ ወንድ ዱላ ይይዛል እንጂ አበባ አይዝም። ድንበሩ ግራ ቀኙን አየና ቅርንጫፉን ከጋቢው ሥር ከተተው። አንገቱን ደፍቶ በሰው መሀል ሹልክ አለ፤ ማንም ምንም አላለው።

ከደጇ ደርሶ ጋቢውን ቢገልጥ፣ ነጩ ሁሉ ረግፎ በእጁ የቀረው ባዶ እሾህ ነው። የቀጋ አበባ መታፈን አይችልም።

ይታይሽ እሾሁንም ሰውዬውንም አየችና፣ «ይህንንማ አስቀድመህ ሰጥተኸኛል» ብላ በሯን ዘጋች።

ድንበሩ ከተዘጋው በር ፊት ቆመ። «ሁለተኛ እዚህ ደጅ ብመለስ!» ብሎ ሊምል አፉን ከፈተ። ግን ያ የሠርጉ ቀን ታየው፤ ሴትዮዋ ፊቷን ሳትሸፍን በዚያ ሁሉ ሰው መሀል ስታልፍ። ለምን ጥጃ እንዳልፈለገች የገባው ያኔ ነው። ጥጃ የሚነዳ ሰው ሊሸጥ ነው ተብሎ ይታለፋል። አበባ የያዘ ጎልማሳ ግን ሳይጠየቅ አያልፍም።

ገበያው ሳይበተን ተመልሶ ወንዙን ተሻገረ። ሌላ ቅርንጫፍ ቆረጠ። ይህን ጊዜ እንደ ጧፍ ከደረቱ ፊት ቀጥ አድርጎ ያዘና ገበያው ውስጥ ገባ።

«አያ ድንበሩ! ምነው፣ ዛሬ ደግሞ አንተ ሙሽራ ሆንክ?» አለች አንዲት ጌሾ ሻጭ።

«ለይታይሽ ነው።»

«ለየትኛዋ ይታይሽ? ለሌባዋ?»

ድንበሩ ቀጥ ብሎ ቆመ። «ሌባ አይደለችም። ቅቤው ከቤቴ ተገኝቷል። ስሟን ያጠፋሁት እኔ ነኝ።»

«ጮክ በል እንጂ፣ እዚህ አይሰማም!» አለ አንዱ ከጨው ተራ።

ጮክ አለ። የሚስቅም ነበረ፣ «ኧረ ግፍ ነው» ብሎ የሚያማትብም ነበረ። በየተራው ያቆሙታል፣ በየተራው ያንኑ ይናገራል። ወሬው ቀድሞ ባለፈበት መንገድ እውነቱ በእሱ እግር አለፈ። ጌሾ ሻጯ ጌሾዋን ለጎረቤቷ ትታ ከኋላው ትሮጣለች፤ «ልጄን የምድረው ለጥር ነው፣ ይታይሽን ሌላ ሰው ሳይቀድመኝ!» እያለች።

ከደጇ ሲደርስ እጁ በእሾሁ ደምቶ ነበር። አበባው ግን ነጭ እንደሆነ ነበር።

ይታይሽ ተቀበለችው። «መንገዱ ራቀህ?»

«ራቀኝ፣ እታለም።»

«ያን ቀን እኔንም ርቆኝ ነበር» አለችው።

እንግዲህ ልጄ፣ አንተም ያው ድንበሩ ነህ። አበባህን በሚያብለጨልጭ ወረቀት ጠቅልለህ፣ ማታ በር ዘግተህ፣ ሚስትህ ጉያ ልታስቀምጥ ነው ያሰብከው። ጋቢ ሥር ከመክተት በምን ተለየ? ነጭ መሆኑማ ጥጥም ነጭ ነው፣ ኖራም ነጭ ነው። ያዋረድካት በእነማን ፊት ነው? እነሱን ጥራ። አበባውን እነሱ እያዩ ስጣት፤ «ይህ ደግሞ ለምንድን ነው?» ሲሉህ አትንተባተብ። የትኛውን ልምረጥ ላልከኝ፣ ሸሽገህ ልትወስደው የማትችለውን ምረጥ።

«ይቅር አለችው ወይ?» ልትለኝ ነው፤ ከዓይንህ አየሁት። በዚያ ቀን አላለችውም። በሰው ፊት የመጣን ሰው በጓሮ ይቅር ማለት ደግሞ የእሷ ነውር ይሆን ነበር። በማግስቱ እሑድ፣ ቅዳሴ ወጥቶ ሰው ሁሉ ከቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ቆሞ ሳለ፣ ይታይሽ ነጠላዋን አስተካከለች፣ ወንዶቹ ወደ ቆሙበት ቀጥ ብላ ሄደች፣ ዳር ያለው ሰው እንዲሰማ ድምጿን ከፍ አድርጋም «አያ ድንበሩ፣ እንደምን አደርክ!» አለችው።