አልወርድም ያለው ፍራሽና የሁለት ዓመት ውል

ዘመኑ ሁለት ሺህ አሥራ ሰባት፣ ወሩ መስከረም ነበር። ዝናቡ ገና አልወጣም፤ ጠዋት ያካፋል፣ ከሰዓት ይዘንባል። ልጄ ጥሩወርቅ የነርስነት ትምህርት ልትጀምር ስለሆነ ወደ ከተማ ይዣት ሄድሁ። እሷ ሻንጣዋን ያዘች፤ እኔ ፍራሹን ተሸከምሁ። የምፈልገው አንድ ነገር ነበር፤ ፍራሹን ደረቅ ቤት ውስጥ ማውረድ። ትምህርቱ ሰኞ ይጀምራል። እስከዚያ ቤት ካልተገኘ ይዣት እመለሳለሁ ብያለሁ።

እትዬ አሰገደች የሚባሉ ሴት ጓሯቸው ውስጥ የምትከራይ ክፍል አለቻቸው። በሩ ተቆልፏል።

«ቁልፉን ይስጡኝ» አልሁ።

«ያለ ጽሑፍ ውል አልሰጥም። ሕግ ነው።»

«ቃሌ አይበቃም?»

«ለእኔማ በበቃኝ! ወረዳው ሲጠይቀኝ ቃልዎን ከየት አምጥቼ ላሳየው?»

እንግዲህ ፍራሹ በሩ ካልተከፈተ አልወርድም አለ፤ በሩ ቁልፍ ካልመጣ አልከፈትም አለ፤ ቁልፉ ውል ካልተጻፈ ከእትዬ አሰገደች መቀነት አልፈታም አለ። ፍራሹን ተሸክሜ ወጣሁ።

ከወረዳው አጥር ሥር፣ ላስቲክ ወጥሮ ማመልከቻና ውል የሚጽፍ ሞገስ የሚባል ሰው አገኘን።

«ለስንት ጊዜ ልበል?» አለኝ።

«ለአንድ አዝመራ።»

«አባባ፣ የሚከራዩት ቤት ነው ወይስ የጤፍ ማሳ?»

ጥሩወርቅ ሳቀች። ዞር ብዬ ሳያት አፏን በእጇ ሸፈነች። እኛ አገር እርሻ የእኩል የሚሰጠው ለአንድ አዝመራ ነው፤ ቤትም እንደዚያ መስሎኝ ነበር። «እሺ፣ እስከ ሰኔ በል» አልሁት። ጻፈ። «አሁን ያስመዝግቡት። ማኅተም ከሌለው ባዶ ወረቀት ነው» አለኝ።

ፍራሹ በሩ ካልተከፈተ አልወርድም አለ፤ በሩ ቁልፍ ካልመጣ አልከፈትም አለ፤ ቁልፉ ውል ካልተጻፈ አልፈታም አለ፤ ውሉ ማኅተም ካላረፈበት አልጸናም አለ። ፍራሹን ይዤ ቢሮ ገባሁ። ዘበኛው ፍራሹን አየ፣ እኔን አየ፣ አሳለፈኝ።

የመዝገቧ ሠራተኛ ውሉን አነበበች።

«አባቴ፣ ይሄ ዘጠኝ ወር ነው። ሕጉ ከሁለት ዓመት በታች አይቀበልም።»

«እኔ ሁለት ዓመት አልፈልግም።»

«ለእናንተ ተብሎ የወጣ ነው እኮ። ልጅዎን ማንም ተነስቶ በዓመቱ መሀል ውጪ እንዳይላት።»

ፍራሹ በሩ ካልተከፈተ አልወርድም አለ፤ በሩ ቁልፍ ካልመጣ አልከፈትም አለ፤ ቁልፉ ውል ካልተጻፈ አልፈታም አለ፤ ውሉ ማኅተም ካላረፈበት አልጸናም አለ፤ ማኅተሙ ሁለት ዓመት ካልተባለ አላርፍም አለ፤ ሁለት ዓመቱም እኔ እሺ ካላልሁ አልጻፍም አለ።

እኔ ደግሞ እሺ አልልም። ለጎረቤቴ ለአያ ደምለው ቃል ሰጥቻለሁ፤ ለከርሞ ጥር ጥሩወርቅን ለልጁ ልድርለት። ፍራሹን እንደተሸከምሁ ከበሩ አጠገብ ቆምሁ።

«ትምህርቱ ስንት ዓመት ነው?» አልኋት ጥሩወርቅን።

«ሦስት።»

«ለምን አልነገርሽኝም?»

«መቼ ጠየቅኸኝ፣ አባዬ?»

እውነቷን ነው። ስለ ጋብቻውም አልጠየቅኋት። ሴትዮዋ ወደ ውል ጸሐፊው፣ ጸሐፊው ወደ ቢሮው ሲገፉኝ ውለው፣ መጨረሻ ላይ በሩን የዘጋሁት እኔው ሆኜ ተገኘሁ።

«ሁለት ዓመት ይሁን» አልሁ።

እኔ እሺ ብል ሁለት ዓመቱ ተጻፈ፤ እትዬ አሰገደች ጃንጥላ ይዘው መጥተው ፈረሙ፤ እኔም ፈረምሁ፤ ማኅተሙ አረፈ፤ ውሉ ጸና፤ ቁልፉ ከመቀነቱ ተፈታ፤ በሩ ተከፈተ፤ ፍራሹ ወረደ። አንዱ ጫፉ ረጥቧል።

«ሦስተኛው ዓመትስ?» አለች ጥሩወርቅ፣ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ።

«ይታደሳል» አልሁ።

በማግሥቱ ወደ አገሬ ተመለስሁ። ቤቴ ሳልገባ አያ ደምለው ደጅ ቆምሁ።

«ቃሌን መልስልኝ» አልሁት። «ልጅቱ ትምህርቷን ትጨርስ። ያኔ ልጅህ ራሷን ይጠይቃት፤ እኔን አይደለም።»

ተቆጣ። ግባም አላለኝ። ቁጣውን እስኪጨርስ ቆሜ ሰማሁት፤ ነገሬን ደግሜ ነገርሁትና ወደ ቤቴ ሄድሁ።