ሰኮና መከርከም የፈራ ገበሬ

አንድ ሰው ነበረ። በደጋ አገር ከሚስቱ ጋር በግ እያረባ የሚኖር ገበሬ ነው። በጎቹን ይወዳቸዋል። ጸጉራቸውን በወቅቱ ይሸልታል፤ መዥገር ይለቅምላቸዋል፤ ጨው በእጁ ያስልሳቸዋል። አንድ ነገር ብቻ አይደፍርም ነበር፤ ሰኮናቸውን መከርከም።

ምክንያት ነበረው። ከዓመታት በፊት የአንዲት ግልገል ሰኮና ሲከረክም ቢላው ጠልቆ ገባና ደም ፈሰሰ። ቁስሏ አመርቅዞ በሳምንቷ ሞተች። ከዚያ ወዲህ ቢላ ይዞ ከበግ እግር አጠገብ አልተቀመጠም። ሚስቱ ስታነሳበት «ተይው፣ ድንጋዩ ራሱ ይሞርደዋል» ይላታል።

በበጋ እውነትም ድንጋዩ ይሞርደው ነበር። አንድ ዓመት ግን ክረምቱ ከበደ። መስኩ ጨቀየ፤ የበጎቹ ሰኮና እያደገ እንደ ማጭድ ቆለመመ፤ ጭቃው ከሥሩ ገብቶ ያበሰብሰው ጀመር። መጀመሪያ አንዷ አነከሰች፤ ቀጥሎ ሦስት ሆኑ። ሰውየው አዘነላቸው። ሩቅ እንዳይሄዱ ብሎ ሳር እያጨደ በሸክም ያመጣላቸዋል። በጎቹም ተንበርክከው ይበላሉ። መሄድ ሲተዉ ሰኮናቸው ይብሱን ረዘመ።

አንድ ቀን ጠዋት፣ ከሁሉ አብልጦ የሚወዳት እናት በግ ከተኛችበት አልነሳ አለች። ከወለደች ገና ሁለት ሳምንቷ ነው። ጡቷን ተኝታበታለችና ግልገሏ ዙሪያዋን እየዞረ ይጮኻል። ሰውየው አንድ እቅፍ ሳር ይዞ ደረሰና አፏ ላይ አደረገላት። ፊቷን አዞረች።

ሚስቱ ከኋላው ቆማ ታይ ነበር።

«አንተ ሰው፣ ይቺ በግ ሳር መች ጠፋባት? እግሯን ነው የሚያማት።»

«እንደዚያች ግልገል ብገድላትስ?» አላት።

«አትገድላትም። እኔ እይዛታለሁ፤ አንተ ቀስ ብለህ ቁረጥ።»

በጓን ገልብጣ እንደ ሰው አስቀመጠቻትና ጀርባዋን ከጉልበቷ አስደግፋ ያዘቻት። ሰውየው ቢላውን ስሎ ቀረበ። መጀመሪያ ጫፉን ብቻ ላጥ አደረገ። በጓ ተራገጠች። ላብ አጠመቀው፤ ቢላውን ሊጥል ቃጣው። ሚስቱ ግን አልለቀቀችም። እንደገና ጥቂት ላጠ፤ እንደገና ጥቂት። የሞተው ሰኮና ሲነሳ ከሥሩ ጥቁር ጭቃና የሚከረፋ መግል ወጣ። ቀዩ ሥጋ ብቅ ሊል ሲል እጁን ሰበሰበ። ለብ ባለ የጨው ውሃ አጠቡላትና ለቀቋት።

አልተነሳችም።

«ገደልኳት» አለ ሰውየው። ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ፊቱን በእጁ ሸፈነ።

ፀሐይዋ ሞቅ ስትል ሚስቱ ትከሻውን ነካችው። ቀና ቢል በጓ ቆማለች። የተከረከመውን እግሯን መሬት አስነካችው፤ መልሳ አነሳችው፤ ከዚያ ረገጠችበት። ግልገሏ ሮጦ ከሥሯ ገባና ጅራቱን እያወዛወዘ ይጠባ ጀመር። ሰውየው ስንት ዘመን ይዞት የኖረውን ትንፋሽ ለቀቀ። ሳቀ፤ እንባውም አብሮ መጣ። «በይ ሌላዋን አምጪልኝ» አላት። በዚያ ቀን ለምሳ እንኳ ሳይነሱ የሁሉንም ከረከሙ።

አየህ ልጄ ቢሻው፣ «ታናሽ ወንድሜ መንገድ ስቷል፤ ስለምወደው ግን ልገሥጸው አልቻልኩም። ዝም ብል ምን አለበት?» ብለህ ጠይቀኸኛል። ጥፋቱን በሰው ፊት እየሸፈንክለት፣ እያባበልክ የምታኖርበት ነገር ያ የታጨደው ሳር ነው። ፍቅር መሆኑን አልክድም፤ እግሩን ግን አያድንለትም። ሂድና ንገረው። በቁጣ አትግባ፤ ቢላ ጠልቆ የሚገባው ያኔ ነው። የሚያከብራትን እናታችሁን ይዘህ ሂድ፤ እሷ ትያዝልህ። ጥቂት በጥቂት ተናገር፤ ደሙ ሳይመጣ አቁም። «ቢቀየመኝስ?» ትለኝ ይሆናል። ይቀየምሃል። በጓም ተራግጣለች። በእግሩ ቆሞ ሲሄድ ያየኸው ቀን ግን፣ ያ ገበሬ የተነፈሰውን አንተም ትተነፍሳለህ።