ከሸማቾች ሱቅ የወጣ ራት

አንድ ልብስ ሰፊ ነበር፤ መንበሩ ይባላል። ሚስቱ ከሞተች ሰባት ዓመት ሆኗታል። ያለችው አንዲት ልጅ ውቢት ብቻ ናት። መንበሩ ለሰው ሱሪ ሲያሳጥር፣ ዚፕ ሲቀይር፣ ያረጀ ኮት ገልብጦ አዲስ ሲያስመስል የኖረ እጁ የተባረከ ሰው ነው። አንድ ድካም ግን ነበረበት። ሰው ፊት ሲቆም የተናቀ ይመስለውና፣ ሳያስበው ከአፉ ትልቅ ትልቅ ነገር ይወጣል።

ውቢት የምትወደው ልጅ ሽማግሌ ላከና እሺ ተባለ። ከዚያም ሁለቱ ቤተሰቦች እሑድ ማታ በመንበሩ ቤት ራት እየበሉ እንዲተዋወቁ ቀን ተቆረጠ። የልጁ እናት ወይዘሮ ትርንጎ ስልክ ደወሉ።

«አቶ መንበሩ፣ እርስዎ ብቻዎን ነዎት። ወጥ ወጡን እኔ ሠርቼ ልምጣ?»

መንበሩ ደረቱ ተነፋ።

«ኧረ በጭራሽ! ባዶ እጅዎን ይምጡ። ራቱ ከትልቅ ሆቴል ነው የሚመጣው» አለ።

ስልኩን ሲዘጋ ላብ አጠመቀው። ግን ቃል ወጥቷል። በማግሥቱ ከረባቱን አስሮ ወደ አንድ ትልቅ ሆቴል ሄደና ለስምንት ሰው የሚሆን ራት ስንት እንደሆነ ጠየቀ። አስተናጋጁ ሲነግረው መንበሩ የስልክ ቁጥር የተነገረው መሰለው። «እመለሳለሁ» ብሎ ወጣ፤ እንደማይመለስም ሁለቱም አውቀዋል።

ቅዳሜ ጠዋት አንገቱን ደፍቶ ሲሄድ ከቀበሌው የሸማቾች ሱቅ ፊት ደረሰ። ሰልፉ እስከ መንገዱ ተዘርግቷል። በሩ ላይ በጠመኔ «ዛሬ ቅናሽ አለ» ተብሎ ተጽፏል። መንበሩ ቆመ። አንድ ሐሳብ ብልጭ አለለት፤ ልቡም ዘለለ። «ሁሉንም ከዚህ ገዝቼ እኔው ራሴ ብሠራውስ? ከሆቴል መጣ ብል ማን ያውቃል?»

ችግሩ፣ መንበሩ እንቁላል ከመጥበስ ያለፈ ሙያ የለውም።

ማንም እንዳያውቀው አንገትጌውን ቀና አድርጎ ሰልፍ ያዘ። ከፊቱ የቆሙት እትዬ አመለወርቅ ግን የሰፈሩ ሰው ናቸውና ወዲያው ዞር አሉ።

«መንበሩ! ምን ልትገዛ ነው?»

«ለራት... ለስምንት ሰው» አለ በሹክሹክታ።

«ምን ታበስላለህ?»

«እሱን ነው የማላውቀው።»

ሰልፉ በሙሉ ሳቀ። መንበሩ መሬት ብትከፈት ደስ ባለው። ሳቁ ሲያበቃ ግን ያላሰበው ነገር ሆነ። ሰው ሁሉ ባንድ ጊዜ ማውራት ጀመረ።

«ምስር ውሰድ፤ የተሰባበረውን! ርካሽ ነው ብለህ አትናቀው፤ ቶሎ ይበስላል፣ መረቁም ይወፍራል» አለች አንዷ።

«ቲማቲሙ በስሎ ልስልስ ብሏል ብለህ እንዳትተወው። ለመኮሮኒ ስልስ ከሱ የሚሻል የለም» አለ አንድ ሾፌር።

«ደቃቁን ድንች ከነልጣጩ ቀቅለህ፣ በመዳፍህ ጨፍለቅ አድርገህ ጥበሰው» አሉ እትዬ አመለወርቅ። «ሽንኩርቱን ደግሞ እንዳትቸኩልበት። ዘይት ሳታስነካ፣ በትንሽ እሳት፣ ከሱ ጋር ቁጭ በል። የወጥ ሙያ እዚያ ላይ ነው።»

መንበሩ ከኪሱ የልብስ ልክ የሚጽፍበትን ደብተር አውጥቶ የሚሉትን ሁሉ ጻፈ። ተራው ሲደርስ ምስሩን፣ ደቃቁን ድንች፣ የበሰለውን ቲማቲም፣ ቀይ ሽንኩርት፣ ጥቅል ጎመን፣ መኮሮኒ፣ እንቁላል፣ ዘይት፣ በርበሬ፣ ሎሚ፣ እንጀራና እስከ ነገ ካልተበላ የሚበላሽ ፓፓያ ገዛ። ጨው ሳይቀር ከዚያው ሱቅ ነው። ዘንቢሉን ተሸክሞ ሲመለስ እየሮጠ ሊሄድ ምንም አልቀረውም።

እሑድ ውቢት ሥራ ገብታ ነበር፤ መድኃኒት ቤት ነው የምትሠራው። መንበሩ ብቻውን የሸሚዙን እጅጌ ሰብስቦ ጀመረ። ሽንኩርቱን ሲከትፍ ዓይኑ እንባ በእንባ ሆነ። ምድጃው ላይ ከጣደው በኋላ ግን አንድ ነገር ገባው። ይህ ሥራ የሚያውቀው ሥራ ነው! ልክ መውሰድ አለው፣ ትዕግሥት አለው፣ አንዲት ነገር ሳታመልጥ መከታተል አለው። ርካሽ ጨርቅ እንኳን በልኩ ተቆርጦ በጥንቃቄ ከተሰፋ ሰው እንደሚያሳምር መንበሩ ሲያየው የኖረው ነው። ሽንኩርቱ ቀስ እያለ ሲቀላ፣ በርበሬው ውሃ ጠብ እየተደረገለት ሲቁላላ፣ መዓዛው ቤቱን አወደው። ምስሩን በጭልፋ ቀመሰ። ደግሞ ቀመሰ።

«እኔ ነኝ የሠራሁት?» ብሎ ባዶ ቤት ውስጥ ጮኸ።

ከዚያ በኋላ ማን ያቁመው! ድንቹን ጨፍልቆ ጠበሰ። ስልሱን አወፈረ። ጎመኑን እንደ ክር አቅጥኖ ከትፎ በሎሚ አሸው። እንቁላሉን ቀቅሎ፣ ከስልሱ ቀንሶ በርበሬ ጨመረና ወጥ ሠራበት። ፓፓያውን ጨመቀ። ከቁርጥራጭ ነጭ ጨርቅ ስምንት የእጅ መጥረጊያ ሰፍቶ፣ ሆቴል እንዳየው አድርጎ እያጠፈ ሳህኖቹ ላይ አቆማቸው።

አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ውቢት ገባች። ጠረጴዛውን አየች፣ አባቷን አየች።

«አባዬ! ይኼን ሁሉ አንተ ነህ የሠራኸው?»

«እኔ ነኝ! ቅመሺ፣ ቅመሺ!»

ቀመሰችና ዘላ አቀፈችው። ወዲያው ግን ፊቷ ተቀየረ።

«ከሆቴል ነው ብለሃቸው የለም እንዴ? ሲጠይቁህ ምን ልትላቸው ነው?»

«የሆቴሉን ስም መርጫለሁ፤ አንቺ ብቻ ዝም በይ።»

«እኔ ከጠየቁኝ አልዋሽም፣ አባዬ። በውሸት ገበታ ላይ ነው እንዴ የምዳረው?»

በዚህ መሀል በሩ ተንኳኳ።

እንግዶቹ የክት ልብሳቸውን ለብሰው ነው የመጡት። ወይዘሮ ትርንጎና ባለቤታቸው አቶ ደርቤ፣ ሙሽራው፣ ሁለት አክስቶቹና አንድ አጎቱ። ሲቀመጡም፣ ሲበሉም ተጠንቅቀው ነው። ጥቂት ከጎረሱ በኋላ ግን የእጃቸው ፍጥነት ጨመረ። ወይዘሮ ትርንጎ ምስሩን ደገሙ። አጎትየው የድንቹን ሳህን ወደ ራሱ ሳብ አደረገ።

«ኧረ ለመሆኑ ይኼ የየትኛው ሆቴል ነው?» አሉ አቶ ደርቤ። «ምስር እንዲህ አድርጎ የሚሠራ ሆቴል በበኩሌ አላውቅም።»

ውቢት ዓይኗን ሳህኗ ላይ ተከለች። መንበሩ አፉን ከፈተ። የሆቴሉ ስም ምላሱ ጫፍ ላይ ነበር። ግን ከሽንኩርቱ ጋር የተቀመጠበት ሰዓት፣ ሰልፍ ላይ የረዱት ሰዎች፣ ያ የመጀመሪያው ጭልፋ ፊቱ ድቅን አሉ። ይህን ሁሉ አንሥቶ ለማያውቀው ሆቴል መስጠት አቃተው።

«የማንም ሆቴል አይደለም!» አለ፤ ድምፁ ከጠበቀው በላይ ወጣ። «እኔ ነኝ የሠራሁት። ሁሉም ከሸማቾች ሱቅ ነው፤ ከቅናሹ። ሆቴሉን ሄጄ ጠይቄ ነበር፤ አቅሜ አይችለውም። ዋሽቻችኋለሁ፤ ይቅርታ አድርጉልኝ።»

ወይዘሮ ትርንጎ የያዙትን ጉርሻ መልሰው አስቀመጡ።

«አቶ መንበሩ» አሉ ሴትየዋ፣ «ስልኩን ከዘጋሁ ጀምሮ እንቅልፍ አልወሰደኝም። ይኼ ሰው በሆቴል ከጋበዘን፣ እኛ ስንጠራቸው በምን እንቀበላቸዋለን እያልን ከደርቤ ጋር ስንጨቃጨቅ ነው የሰነበትነው። ጭራሽ ጋብቻው ከአቅማችን በላይ ነው፤ ይቅርብህ ብለን ልጁን እስከ መምከር ደርሰን ነበር።»

«አዎ፣ እንዲህ ብለውኛል» አለ ሙሽራው ቀስ ብሎ። ውቢት ደንግጣ አየችው።

«እኔ እኮ እንዳልናቅ ብዬ ነው» አለ መንበሩ።

«እኛም የፈራነው እሱኑ ነው!» አሉ ወይዘሮ ትርንጎ፤ ሳቃቸው አመለጣቸው። ያ ሳቅ ከአንዱ ወደ አንዱ እየተላለፈ ቤቱን ሞላው። ከዚያ በኋላ ተጠንቅቆ የበላ የለም። እየተጎራረሱ፣ ስለ ሽንኩርቱ አቆላል እየተከራከሩ በሉ። አክስቶቹ የየራሳቸውን ዘዴ ሲናገሩ መንበሩ ደብተሩን አውጥቶ ይጽፋል። ፓፓያው እየተጠጣ የሠርጉ ወር ተወሰነ። እንግዶቹ ሊሄዱ ሲነሡ ወይዘሮ ትርንጎ በሩ ላይ ቆመው፣ «የሚመጣው እሑድ እኛ ቤት ናችሁ። ያለውን ነው የምናቀርበው» አሉ። መንበሩ ይህን ያህል ደስ የሚል ግብዣ በዕድሜው ሰምቶ አያውቅም።

ወዳጄ፣ ከአቅማችን በላይ ገበታ ስንዘረጋ እንግዳ ያከበርን ይመስለናል። ነገር ግን እንግዳው ምግቡን በልቶ ጭንቀታችንንም ተሸክሞ ነው የሚሄደው። ያለንን በእጃችን አሳምረን፣ ያለን ይኼ ነው ብለን ስናቀርብ ግን እኛም እናርፋለን፣ እሱም ያርፋል፤ መቀራረብም ከዚያ ይጀምራል። መንበሩ ለመከበር የዋሸው ውሸት ልጁን ትዳር ሊያሳጣት ነበር፤ ያቃናው የሸማቾች ሱቅ ምስርና አንድ እውነተኛ ቃል ነው። እርስዎስ፣ ያለኝ ያሳፍረኛል ብለው ቤትዎ ሳይጠሩት የቀሩት ሰው ማን ነው? እሱም በበኩሉ ይህንኑ ፈርቶ እርስዎን ሳይጠራ ቀርቶ ቢሆንስ?