የመስከረሙ ወረቀት

የሰውየው ሚስት ከሞተች ሁለት ወሯ ነበር። የሚይዝለት ሰው ስለሌለ የሰባት ወር ሴት ልጁን አዝሎ ዩኒቨርሲቲ ይማራል።

ዶክተር ምንተስኖት የሚያስተምሩት አጃይል የሚባለውን የሶፍትዌር አሠራር ነው። እያንዳንዱ ተማሪ በየማለዳው ቆሞ፣ ትናንት የሠራውን፣ ዛሬ የሚሠራውንና ሥራውን ያገደበትን በአጭሩ ይናገራል። እሳቸው ግን ተቀምጠው በረጅሙ ይናገራሉ።

በጥር አንድ ማለዳ የሰውየው ተራ ሲደርስ ዶክተሩ ከፋይላቸው ወረቀት መዘዙ።

«በመስከረም በእጅህ የጻፍከው ዕቅድ ነው። ሶፍትዌሩ ዛሬ ያልቃል ይላል። አልቋል?»

«ግማሹ ይሠራል፤ ግማሹ ይቀራል፣ ዶክተር።»

«እንግዲያው ወይ ያኔ ዋሽተሃል፣ ወይ ኋላ ሰንፈሃል። አንዱን ምረጥና ኮርሱን ድገም።»

ሰውየው ያዘላትን ልጅ አስተካከለ።

«ያንን ስጽፍ እናቷ ነበረች፣ ዶክተር። ዕቅድ ከመከተል ለውጥን መቀበል ይበልጣል ብለው ያስጻፉን እርስዎ ነዎት። እኔ ለውጡን ተቀብዬ በጀርባዬ ተሸክሜዋለሁ፤ እርስዎ ገና የመስከረሙን ወረቀት እንደያዙ ነዎት።»

ዶክተሩ ወረቀቱን አጣጠፉና ከወንበራቸው ተነሡ።

«የሚሠራውን ግማሽ አሳየኝ። ለቀረው ዛሬ ሌላ ዕቅድ እንጽፋለን።»

የሰውየው የዚያን ዕለት የመጨረሻ ሥራ ግን በየትኛውም ዕቅድ አልተጻፈም፤ ቤቱ ገብቶ የሕፃኗን ጡጦ አጠበ።